ጠያቂና ተጠያቂ፦ የኅብረተሰብ ጥናት ትምህርት በደሴና በኮምቦልቻ

አንድ ሕዝብ ስለ ራሱ ያለው ዕውቀት ከሁለት ምንጮች ይቀዳል። አንደኛው ኖሮ ማወቅ ነው፤ ሁለተኛው ጠይቆ፣ አመሳክሮና ጽፎ ማወቅ ነው። በመጀመሪያው ረገድ የወሎ ሕዝብ ከማንም አያንስም። ድርቅንና ጥጋብን፣ ስደትንና ምለሳን፣ ክርስቲያንና ሙስሊም ተጋብቶና ተዋልዶ የመኖርን ጥበብ ከትውልድ ትውልድ ሲቀባበል ኖሯል። በሁለተኛው ረገድ ግን ታሪኩ የተለየ ነው። ስለ ወሎ ብዙ ተጽፏል፤ ይሁንና የሚበዛው የተጻፈው ከሌላ ቦታ በመጡ ሰዎች፣ በሌላ ቋንቋ፣ ለሌላ አንባቢ ነው። ዛሬ በደሴ ወይም በኮምቦልቻ ያደገ ወጣት በተለምዶ ሶሲዮሎጂ የሚባለውን የኅብረተሰብ ጥናት እስከ ሁለተኛ ዲግሪ ለመግፋት ሲነሣ፣ ይህን ታሪክ ወረሰም አልወረሰም በጀርባው ተሸክሞ ነው። ከየት እንደ ተነሣ ማወቁ ወዴት እንደሚሄድ ለመወሰን ይረዳዋል።

የምርመራ ልማድ ወደ ወሎ የገባው በዘመናዊ ትምህርት ቤት በኩል ብቻ ነው ብሎ መነሣት ታሪክን መበደል ይሆናል። ደሴ የንጉሥ ሚካኤል መቀመጫ ሆና አይጠየፍ አዳራሽ ከመታነፁ አስቀድሞ ዙሪያዋ የትምህርት አገር ነበር። በቦሩ ሜዳ ሥላሴ የመምህር አካለ ወልድ ጉባኤ ከሩቅ አገር ሳይቀር ተማሪ ይስብ ነበር፤ ዛሬም በደሴ ከተማ በስማቸው የሚጠራ ትምህርት ቤት አለ። በሌላው ወገን ጀማ ንጉሥ፣ ገታና ዳና በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን የእስልምና ትምህርት ምንጮች ሆነው ሊቃውንትን አፍርተዋል። የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን፣ ደረሳው የእንጨት ሰሌዳውን ይዞ ከቤቱ ርቆ ሲሄድ፣ ሁለቱንም የሚያኖራቸው የአካባቢው ገበሬ ነበር። ተማሪው ከሕዝቡ እጅ በልቶ ይማራል፤ ሲጨርስም ያወቀውን በሕዝቡ መካከል ሆኖ ያስተምራል፣ ይመክራል፣ ያስታርቃል። ዕውቀት ብድር ነበር፤ ብድሩም የሚመለስበት መንገድ የታወቀ ነበር። ይህ ነጥብ ኋላ ስለ ዘመናዊው የምርምር ትምህርት ሲነገር ስለሚያስፈልግ መታወስ ይገባዋል።

ሶሲዮሎጂ የሚለውን ስም ለትምህርቱ ያወጣለት ፈረንሳዊው ፈላስፋ ኦጉስት ኮንት ሲሆን፣ ይህም በ19ኛው መቶ ዘመን በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ላይ ነው። ሆኖም ከእርሱ ከ450 ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ፣ በ1377 እ.ኤ.አ.፣ የሰሜን አፍሪካው ሊቅ ኢብን ኻልዱን «ሙቀዲማ» በተባለው መጽሐፉ ሰዎች ተሰባስበው የሚኖሩበትን ሕግ፣ የመንግሥታትን መነሣትና መውደቅ፣ የዘላንና የከተሜ ኑሮን ልዩነት በሥርዓት ለመመርመር ሞክሯል። ስለዚህ የትምህርቱን ጥያቄ የአንድ አህጉር ብቻ ንብረት አድርጎ መቁጠር አይቻልም። ሰው ለምን አብሮ ይኖራል? ለምንስ ይለያያል? አንዱ ሲጠግብ ሌላው ለምን ይራባል? እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ ከወሎ የበለጠ ምክንያት ያለው ምድር ጥቂት ነው።

ትምህርቱ ወደ ኢትዮጵያ በመደበኛ መልክ የገባው ከፍተኛ ትምህርት ራሱ ሲጀመር ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ሥራውን ከጀመረ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የኢትኖሎጂ ማኅበር ተቋቁሞ መጽሔት ማሳተም ጀመረ። የዚህ ማኅበር ትልቁ ቁም ነገር ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ተማሪዎች የየአገራቸውን ልማድ፣ የጋብቻና የቀብር ሥርዓት፣ የእርሻና የዳኝነት ወግ ጽፈው እንዲያቀርቡ ማድረጉ ነው። ወጣቱ የናቱን ቤት እንደ ጥናት ርዕስ መመልከት የጀመረው በዚያን ጊዜ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በ1950ዎቹ (ዓ.ም.) መጀመሪያ ላይ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1954 ዓ.ም. ኮሌጁ ከሌሎች ጋር ተጠቃልሎ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥቶ እንዲያገለግል ተወሰነ። ይህ አገልግሎት የከተማውን ተማሪ ከገጠሩ ሕዝብ ጋር ፊት ለፊት አገናኘው።

በዚያው ዘመን የውጭ አገር አጥኚዎችም የኢትዮጵያን ኅብረተሰብ መመርመር ይዘው ነበር። አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ዶናልድ ሌቪን በመንዝ የጀመረውን ጥናት በ1965 እ.ኤ.አ. «ሰምና ወርቅ» ብሎ በሰየመው መጽሐፍ አሳተመ። አለን ሆበን ደግሞ በጎጃም ደጋ ዳሞት የርስትን ሥርዓት አጠና። መንዝ በባህሉ፣ ጎጃም በርስቱ ወደ ዓለም የምሁራን መድረክ ሲገቡ፣ ወሎ ግን የገባው በሌላ በር ነው፤ በረኀብ።

የ1965 ዓ.ም. ረኀብ ታሪክ በብዙ ተጽፏል። እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ከዕውቀት ጋር ያለው ግንኙነት ነው። አዝመራው እንደ ከሸፈ የሚመለከታቸው ባለ ሥልጣኖች አስቀድመው የሚያውቁበት መንገድ ነበራቸው፤ ዕውቀቱ ግን ታፍኖ ቆየ። በ1965 ዓ.ም. ጸደይ ላይ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ወደ ወሎ ተጉዘው ያዩትን በፎቶግራፍ አንሥተው በመመለስ በዩኒቨርሲቲው ቅጥር ግቢ ለሕዝብ አሳዩ። በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም ጉዳዩን ለዓለም አደረሰው። የሟቾች ቁጥር ግምት ከአሥር ሺዎች እስከ ሁለት መቶ ሺህ ይደርሳል። ቁጥሩ ይህን ያህል የሚሰፋበት ምክንያት ራሱ አሳዛኝ ትምህርት አለው፤ የሞተውን ቀርቶ በሕይወት ያለውንም በወጉ የቆጠረ አልነበረምና።

ከዚያ ረኀብ የወጣው ትልቁ የጽንሰ ሐሳብ ለውጥ መነሻው የደሴ ገበያ ነው። ህንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ድህነትና ረኀብ ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ለኢትዮጵያ ሰጥቶ የወሎን ጉዳይ መረመረ። ያገኘው ነገር ብዙዎችን ያስገረመ ነበር። ሕዝቡ በረኀብ በሚያልቅበት ጊዜ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ የተጠበቀውን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ጥቂት እህል ከወሎ ወጥቶ በደሴ በኩል ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይጓዝ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አዝመራው የከሸፈበት ገበሬ የሚበላው ብቻ ሳይሆን የሚገዛበትም አልነበረውም። ከብቱን ሊሸጥ ሲያወጣ ሁሉም ሻጭ ሆኖ ዋጋው ወደቀ፤ ጉልበቱን ሊሸጥ ሲወጣ ቀጣሪ ጠፋ። የሚገዛ ሰው ከሌለ ዋጋ አይወጣም፤ ነጋዴም እህሉን ገንዘብ ወዳለበት ይወስደዋል። ሴን ከዚህ ተነሥቶ ረኀብ የምግብ እጥረት ብቻ ሳይሆን ምግብን በእጅ የማድረጊያ መብትና አቅም መታጣት እንደ ሆነ አስረዳ። ይህ አስተሳሰብ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ይማሩበታል። የደሴ እህል በረንዳ ሳያውቀው ለዓለም የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህር ሆነ ማለት ነው።

ከአብዮቱ በኋላ የነበሩት ዓመታት ለትምህርቱ የተቀላቀሉ ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ስድሳ ሺህ የሚደርሱ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ፤ የመሬት አዋጁም በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ታወጀ። ራሱን ችሎ የነበረው የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት በሶሲዮሎጂ ሥር ተጠቃለለ። ከሁሉም በላይ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ መሠረት የሆነው ግን በ1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት መከፈቱ ነው። እስከዚያ ድረስ ሁለተኛ ዲግሪ የፈለገ ኢትዮጵያዊ በአብዛኛው ባሕር መሻገር ነበረበት። የሚያጠናው ስለ አገሩ ቢሆንም ጥያቄውን የሚያርመው፣ ጽሑፉን የሚመዝነው፣ ቅጂውን የሚያስቀምጠው የውጭ አገር መምህርና ቤተ መጻሕፍት ነበር። በአገር ውስጥ መጀመሩ ይህን ሰንሰለት ለመበጠስ የመጀመሪያው እርምጃ ሆነ። ይሁንና ሁሉም የትምህርት ዘርፎች በአንድ ጊዜ አልተከፈቱም። የሶሻል አንትሮፖሎጂ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት የተጀመረው በ1980ዎቹ (ዓ.ም.) መጀመሪያ ላይ ነው፤ ሶሲዮሎጂም ተራው የደረሰው ከጊዜ በኋላ ነው።

በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ዳግመኛ ወሎን መታ። ኮረምና ባቲ በዓለም ዘንድ የሚታወቁት በዚያን ጊዜ በታየው የመጠለያ ሥዕል ነው። ሥዕሉ የሚያሳየው እጁን ዘርግቶ የተቀመጠ ሕዝብን ነበር። ይህን ሥዕል በጥናት የተቃወመው ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ደሳለኝ ራህመቶ ነው። ደሳለኝ ከደሴ በስተ ሰሜን ባለው በአምባሰል ገበሬዎች መካከል ያካሄደው ጥናት በመጀመሪያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የልማት ምርምር ተቋም፣ ቀጥሎም በ1991 እ.ኤ.አ. በስዊድን ኡፕሳላ ታትሟል። ጥያቄው «ስንት ሰው ሞተ?» ሳይሆን «በሕይወት የተረፈው እንዴት ተረፈ?» የሚል ነበር። ገበሬው ክፉ ቀን ሲመጣ ምግቡን ከመቀነስ እስከ ከብት መሸጥ፣ ከዘመድ ከመበደር እስከ ቤተሰብን መከፋፈል ድረስ ደረጃ በደረጃ የሚሄድበት ሥርዓት እንዳለው፣ ቤቱን ጥሎ ወደ መንገድ የሚወጣውም ሌላው ሁሉ ሲያልቅበት እንደ ሆነ አሳየ። ከዚህ የሚከተለው የተግባር ትምህርት ከባድ ነው፤ እርዳታ ገበሬው በመጠለያ እስኪታይ ከጠበቀ ዘግይቷል ማለት ነው።

በዚያው ጊዜ ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰዎች ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ እንዲሰፍሩ ተደረገ፤ ከግማሽ የሚበልጡት ከወሎ የሄዱ ነበሩ። አሉላ ፓንክረስት በወለጋ ቄቶ ከሠፋሪዎቹ ጋር ተቀምጦ ያጠናው፣ በ1992 እ.ኤ.አ. የታተመው መጽሐፍ የሠፈራን ጉዳይ በሠፋሪዎቹ ዐይን አስነበበ። ወሎዬው በወለጋ መሬት ላይ የትውልድ አገሩን ልማድ እንዴት እንደ ተከለ፣ የትኛውን እንደ ያዘና የትኛውን እንደ ተወ የሚያሳይ ጥናት ነው። በታሪኩ ረገድ ደግሞ ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ በ19ኛው መቶ ዘመን ስለ ነበረው የወሎ እስልምና የጻፉት መጽሐፍ በ2001 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የጀማ ንጉሥና የገታ ሊቃውንት ታሪክ በዓለም ምሁራን እጅ የገባው በአብዛኛው በእርሳቸው ድካም ነው።

በ1990ዎቹ (ዓ.ም.) ውስጥ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ከአሜሪካ የመጡ ተመራማሪዎች በደቡብ ወሎና በኦሮሚያ ልዩ ዞን ከ400 የሚበልጡ ቤተሰቦችን ለተከታታይ ዓመታት እየተመላለሱ ጠየቁ። ይህ ጥናት አንድን ቤተሰብ አንድ ጊዜ ጠይቆ ከመሄድ የሚለይበት ነገር አለው። የድህነቱ መጠን ሲታይ ከዓመት ዓመት ብዙ ያልተለወጠ ይመስላል፤ ቤተሰቦቹ አንድ በአንድ ሲታዩ ግን አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ይወርዳል፤ አንዱ በድርቅ ያጣውን በሬ መልሶ ይገዛል፣ ሌላው ሳይመልስ ይቀራል። ከሩቅ ሲያዩት የቆመ የሚመስለው ኅብረተሰብ በውስጡ ያለ ዕረፍት ይንቀሳቀሳል።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ሁሉ፣ ከጥቂቱ በቀር፣ ወሎ ተጠያቂ የነበረበት ዘመን ታሪክ ነው። ለውጡ የመጣው በ1990ዎቹ (ዓ.ም.) ማብቂያ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም ነው። የዩኒቨርሲቲው አቀማመጥ የሁለቱን ከተሞች ጠባይ የተከተለ ነው። የአስተዳደር፣ የንግድና የትምህርት ከተማ በሆነችው በደሴ፣ በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ የኅብረተሰብ ሳይንስን ጨምሮ ሌሎች ትምህርቶች ይሰጣሉ፤ የሶሲዮሎጂ ክፍልም እዚያው አለ። የሀረጎን ጠመዝማዛ ወርደው ቦርከና ሜዳው ላይ ሲዘረጋ የሚያገኟት ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የቆዳና የብረት ኢንዱስትሪ ከተማ በመሆኗ የቴክኖሎጂ ተቋሙ በእርስዋ ላይ ተተከለ። በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆላታል። ማሽኑን የሚያውቀው ትምህርት ታች፣ ማሽኑን የምታንቀሳቅሰዋን ወጣት ኑሮ የሚጠይቀው ትምህርት ላይ ሆኖ፣ በመካከላቸው ያለው መንገድ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም።

የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ሥርዓቱ በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ተመሳሳይ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የንድፈ ሐሳብና የምርምር ዘዴ ትምህርት ይወሰዳል፤ በሁለተኛው ዓመት ተማሪው በአማካሪ መምህር እየታገዘ ርዕስ መርጦ፣ መስክ ወጥቶ፣ መጠይቅና ቃለ መጠይቅ ሰብስቦ የመመረቂያ ጽሑፉን ያዘጋጃል፤ በመጨረሻም በፈታኞች ፊት ቀርቦ ይከላከላል። ሥርዓቱ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ፈተናው የሚጀምረው መስክ ላይ ነው።

አንድ የገጠር ገበሬ «ስንት ከብት አለህ? ቤተሰብህ ስንት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ጥያቄው ለእርሱ አዲስ አይደለም። ግብር ሰብሳቢው ጠይቆታል፤ ለሠፈራ የመዘገበው ሹም ጠይቆታል፤ የእርዳታ እህል የሚያድለውም ጠይቆታል። እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ መዘዝ ነበረው፤ አንዱ ሲበዛ ያስከፍላል፣ ሌላው ሲያንስ ያስቀራል። ስለዚህ ገበሬው መልሱን ከመስጠቱ በፊት ጠያቂው የማን እንደ ሆነ ያስባል። ይህ የገበሬው ተንኮል ሳይሆን ከታሪክ የቀሰመው ብልኀት ነው። ከውጭ የመጣ አጥኚ ይህን ለመረዳት ብዙ ወራት ይፈጅበታል። የአገሩ ልጅ የሆነ ተማሪ በዚህ ረገድ ይበልጣል፤ ሆኖም እርሱም የራሱ ዕንቅፋት አለው። የሚያውቀውን ነገር እንደማያውቅ ሆኖ መጠየቅ ይከብደዋል። ቅሬን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ ሰው፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ተደራጅቶ ሬሳ የሚቀብረው ለምን እንደ ሆነ መጠየቅ ትዝ አይለውም። ከቅሬ መገለል ከእሥራት የሚከብድ ቅጣት መሆኑን፣ አባጋሮች ደም ሲያደርቁ ቃላቸው የሚከበርበትን ምክንያት፣ በወዳጃ ጸሎት ላይ ዘመድና ጎረቤት ለምን እንደሚሰበሰብ ማስረዳት የሚችለው የለመደውን ነገር እንደ አዲስ ለማየት ራሱን ያስገደደ ተማሪ ብቻ ነው።

ሌላው ችግር የቋንቋ ነው። ቃለ መጠይቁ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሌላ የአካባቢው ቋንቋ ይካሄዳል፤ የመመረቂያ ጽሑፉ ግን በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ቅሬ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር የቀብር ማኅበር ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ የዕርቅ፣ የዳኝነትና የመረዳዳት ሥራው በትርጉሙ ውስጥ ይጠፋል። ከዚህም የባሰው መልሱን የሰጡት ሰዎች የተጻፈላቸውን ማንበብ አለመቻላቸው ነው። ጽሑፉ በፈታኞች ፊት ከቀረበ በኋላ ቅጂው ቤተ መጻሕፍት ይገባል፤ ተማሪው ዲግሪውን ይዞ ሥራ ይፈልጋል፤ መረጃውን የሰጠው መንደር ምን እንደ ተባለለት አያውቅም። የጥንቱ ደረሳና የቆሎ ተማሪ ብድራቸውን የሚመልሱበት መንገድ እንደ ነበራቸው ሲታሰብ፣ የአሁኑ ሥርዓት በዚህ ነጥብ ከጥንቱ አንሶ ይገኛል።

የጥናት ርዕስ እጥረት ግን የለም። ከገጠር መጥተው በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የተቀጠሩ ልጃገረዶች ከደመወዛቸው ላይ ቤት ኪራይ ከፍለው ለወላጅ የሚተርፋቸው ምን ያህል ነው? ለፋብሪካ መሬቱን የለቀቀ ገበሬ ካሣውን ምን አደረገበት? ደቡብ ወሎ ወደ ዐረብ አገር ብዙ ወጣት ከሚሰደድባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ መቶ ስድሳ ሺህ ያህል ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከተመለሱት ብዙዎች በዚሁ አካባቢ ወደሚገኙ ቤቶች ገብተዋል። ተመላሿ ልጅ በላከችው ገንዘብ በተሠራው ቤት ውስጥ እንግዳ ሆና የምትቆይበትን ምክንያት መጠየቅ ያለበት ማን ነው?

በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጠያቂና ተጠያቂ በአንድ ዕጣ ወደቁ። የሰሜኑ ጦርነት ሲስፋፋ ደሴ በመጀመሪያ ከሰሜን ወሎና ከሌላም ቦታ የተፈናቀሉትን በትምህርት ቤቶቿ አስጠለለች። በጥቅምት ማብቂያ ላይ ራሷ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተያዙ፤ እስከ ኅዳር ማብቂያም በዚያው ሁኔታ ቆዩ። የዩኒቨርሲቲው ሁለቱም ግቢዎች ተዘረፉ፣ ንብረታቸውም ወደመ። ስለ መፈናቀል ያጠና የነበረ ተማሪ ራሱ ተፈናቀለ፤ ስለ ችግር መቋቋሚያ ዘዴ በመጽሐፍ ያነበበ በገዛ ቤተሰቡ ላይ አየው። ከዚያ በኋላ በወሎ ምድር ኅብረተሰብን የሚያጠና ሰው ከተጠኚው ተለይቶ ከዳር የሚቆምበት ስፍራ ጠባብ ሆኗል። ይህ ለጥናቱ ሚዛን አደጋ ሊሆን ይችላል፤ ሐዘን ዐይንን ያደበዝዛልና። በአግባቡ ከተያዘ ግን፣ ምስክርነትንና ምርመራን ለይቶ ማስቀመጥን የሚያስተምር ዘዴ እስካለ ድረስ፣ ማንም የውጭ አጥኚ የማያገኘውን ዕውቀት ያስገኛል።

«ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» ይባላል። በ1965 ዓ.ም. ባለቤቱ ጮኾ ነበር፤ ጩኸቱ የሚጻፍበት፣ ተመሳክሮ የሚቀርብበት ስፍራ ግን በአጠገቡ አልነበረውም። የደሴ ገበያ ምን ይል እንደ ነበር ለዓለም የታወቀው ረኀቡ ካለፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ደሴን በቁጥር ሰንጠረዥ በሚያውቋት ሰው ብዕር ነው። ዛሬ ገበያው ያለባት ከተማ ራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። የእህል ዋጋ ሳይንር ሰው ሊራብ እንደሚችል የተማረ ወጣት ከመማሪያ ክፍሉ ወጥቶ በእግሩ እዚያው ገበያ ሊደርስ ይችላል። የከብቱ ዋጋ ወርዶ የእህሉ ባለበት ሲቆም ካየ፣ ያየውን ለሁለት ዓመት ለፈተና ከማቆየት ይልቅ በአማርኛና በኦሮምኛ ጽፎ ለቅሬው ሸንጎ፣ ለወረዳው ጽሕፈት ቤትና ለአገሩ ጋዜጣ ማድረስ ይጠበቅበታል። ዩኒቨርሲቲዎችም የመመረቂያ ጽሑፍ አጭር ትርጓሜ በአካባቢው ቋንቋ ተዘጋጅቶ ለተጠያቂው ሕዝብ እንዲነበብ ቢደነግጉ፣ ለአባቶች የታወቀ የነበረው የብድር መመለሻ መንገድ ዳግመኛ ይከፈታል። ዲግሪው ለተማሪው ነው፤ ዕውቀቱ ግን መልስ የሰጠው ሕዝብ ድርሻ አለበት።